«መንገድ ላይ ነው» የሚሉት መምህር

መምህር እሸቴ ማረፋቸውን የሰማሁት ጸጉር ቤት ወንበር ላይ፣ ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና ለብሶ ሳለ ነው። የደወለችው ልጃቸው ናት፤ ከቦሬ። «ጋሽ ሸምሱ፣ አባዬ ትናንት አረፈ» አለችኝ። ፎጣውን ከአንገቴ ሳላወርድ ወጣሁ። በነገሌ ዋና መንገድ ያገኘኝ ሁሉ ቆም እያለ ሲያየኝ ሐዘኔ ፊቴ ላይ ተነብቦ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲሳሳቁ ነው ጉንጬን የዳሰስኩት። እንዲህ ነኝ እንግዲህ፤ ሐዘን እንኳ በወጉ አይሆንልኝም።

በማግስቱ ቦሬ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጃቸው ጋ ነበር የሚኖሩት። የደጋው ብርድ የቆላ ሰው ሲያገኝ አይምርም፤ ድንኳኑ ውስጥ በተውሶ ጋቢ ተጠቅልዬ ተቀመጥኩ። አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ተነስተው ስለ ሟች ተናገሩ። ብዙ ደግ ነገር አሉ። ከሁሉ አስበልጠው ያነሱት ግን ይህን ነው፤ «በክፍለ ሀገሩ የማትሪክ ውጤት ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ የነበረውን ትምህርት ቤት መሀል ያስገባ ሰው ነው።» ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። በብርዱ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።

ትምህርት ቤቱን መሀል ያስገቡት እሳቸው አልነበሩም። እኔ ነኝ። እንዴት እንዳስገባሁትም እዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ የትምህርት ቤቱ የሬኮርድ ሠራተኛ ነበርኩ፤ የተማሪው ፋይል፣ ውጤቱ፣ ጉርድ ፎቶግራፉ ሁሉ በእኔ እጅ ነው። ማትሪክ ሁለት ጊዜ ወድቄ የሰው ውጤት ጠባቂ ሆኜ መቀጠሬ አባቴን እድሜ ልኩን ሲያስቀው ኖሯል። ከጉራጌ አገር መጥቶ ነገሌ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ለደንበኛ ስኳር እየመዘነ «ጅብ በረት ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኔን ልጅ ሄዳችሁ እዩት» ይል ነበር። ደንበኛው ሲስቅ ሚዛኑን ያነሳል።

መምህር እሸቴ የሂሳብ መምህርና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ከጎጃም ለአንድ ዓመት ተመድበው መጡ፤ በዚያው ቀሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ኮት የማይለያቸው ሰው። ጠመኔ የሚከቱበት የኮታቸው ኪስ አፉ ነጭ ሆኖ ዱቄት የነካው ከረጢት ይመስል ነበር። ኦሮምኛ ተምረዋል፤ ሲናገሩት ግን በጎጃም ዜማ ነው። እሳቸው በሌሉበት ልጆቹ «አካም፣ ናጋ?» የሚለውን ሰላምታቸውን እየጎተቱ ይቀልዱበታል። እሳቸውም በመስኮት ይሰሙና ገብተው «ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ አሳጠርከው» ይላሉ።

ተማሪዎቹ ያወጡላቸው ስም «አባ ሄሬጋ» ነው። ቦረና ውስጥ አባ ሄሬጋ ማለት ኤላው ላይ፣ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ዘንድ፣ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ነው። ስሙ የወጣላቸው በምክንያት ነው። በሊበን ገጠር የየትኛው ተማሪ ቤተሰብ በየትኛው ቀን ከብት እንደሚያጠጣ በቃላቸው ያውቁ ነበር። ኤላ ውስጥ ሰው በላይ በላዩ ተደርድሮ የቆዳ ባልዲ እየተቀባበለ ነው ውሃ የሚያወጣው፤ አንድ ሰው ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ስለዚህ በበጋ ልጆቹ በየሦስት ቀኑ ይቀራሉ። ልጆቹ ተራቸውን አጠጥተው ሲመለሱ መምህር እሸቴ ያመለጣቸውን ትምህርት ከሰዓት በኋላ ለብቻ ያስተምሯቸዋል። ማንም አዝዟቸው አይደለም።

ስም ሲጠሩ ደግሞ ልማድ ነበራቸው። የቀረውን ልጅ ስም ይጠሩና ዝም ይላሉ። እውነት የሚመልስላቸው ይመስል በሩን ያያሉ። ከዚያ «መንገድ ላይ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ስም መጥሪያው ላይ እንደ ሌላው መምህር የኤክስ ምልክት አያደርጉም፤ ትንሽ ነጥብ ብቻ። እኔ ወር በገባ ቁጥር ነጥቦቹን ስለቅም ዓይኔ ይጠፋ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ኬንያ ደርሶ ነው የሚመለሰው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንተስ ማትሪክ ካለፉት ዘንድ ለመድረስ ስንት ዓመት መንገድ ላይ ነህ?» አሉኝ። ነጥቦቹን መልቀሜን ቀጠልኩ።

በየዓመቱ ከላይ አንድ ሰንጠረዥ ይመጣል። በክፍለ ሀገሩ ያሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በማትሪክ አማካይ ውጤታቸው ከላይ እስከ ታች ይደረደራሉ። የእኛን ለማግኘት ከላይ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው፤ ወረቀቱን ገልብጦ ከታች ማንበብ ነው። ልጆቻችን ከሌላው የባሱ ሆነው አይደለም። ተመዝግቦ ሳይፈተን የቀረ ልጅ በዚያ ሰንጠረዥ በዜሮ ነበር የሚታሰበው። እኛ ጋ ደግሞ ድርቅ በመጣ ቁጥር የሚቀረው ብዙ ነው።

አንድ ዓመት ሰንጠረዡ አዋሳ ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ተነበበ። መምህር እሸቴ ትምህርት ቤቱን ወክለው ሄዱ፤ እኔ ፋይል ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኩ። የመጨረሻው ስም የእኛ ሆነ። ከፊት ከተቀመጡት አንዱ፣ በሰንጠረዡ ከላይ የተቀመጠ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ዘወር ብሎ «ጓድ መምህር፣ እናንተ ጋ የሚፈተኑት ልጆቹ ናቸው ወይስ ከብቶቹ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

መምህር እሸቴ ቀስ ብለው ተነሱ። «ከብቶቹ ቢፈተኑማ ጓድ፣ እናንተን እንበልጥ ነበር። ሳይጠጣ ሦስት ቀን የሚሄድ ተማሪ እናንተ ጋ ካለ አሳየኝ» አሉት። አዳራሹ የባሰ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እኛ ጋ ልጅ የሚቀረው ሰንፎ አይደለም፤ ውሃ ሊያወጣ ነው። እዚህ ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ውሃ የሚባል ዓምድ አላየሁም። ኤላ የሚመሰገነው ቀድሞ በጠጣው መንጋ አይደለም፤ መጨረሻ የደረሰው ሲጠጣ ነው» ብለው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ስንመለስ ጭነት መኪና ላይ፣ በከረጢቶች መሀል፣ ተቀመጥን። ከዚያ «ሸምሱ፣ መልሴ ጥሩ ነበር?» አሉኝ።

«በጣም እንጂ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ያመመኝ?»

ይህችን ቃል ነው እኔ መሸከም ያልቻልኩት። ልጅ አልነበርኩም፤ ሃያ አምስት ዓመቴን አልፌያለሁ። ግን እኚህን ሰው ዳግመኛ ማንም እንዳይስቅባቸው የማደርገው አንድ ነገር እኔ እጅ ላይ እንዳለ ታየኝ። ቁጥሩ እኔ እጅ ላይ ነው።

በተከታዩ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሊበን ደረቀ። አንድ ቀን ጃርሶ የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከመምህር እሸቴ ጋር ወደ ሬኮርድ ክፍል መጣ። ከክፍል ጓደኞቹ በዕድሜ የገፋ፣ ጢም ያወጣ ልጅ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር ብዬ ልዋሽ እችላለሁ፤ ያምር ነበር። አልነበረም። መካከለኛ ነው። አንድ ክፍል ደግሟል።

«አባቴ ታሟል። ሌላ ወንድ ቤት ውስጥ የለም። በእኛ ተራ ኤላ ውስጥ የምቆመው እኔ ነኝ» አለ።

«ፈተናውስ?» አሉት መምህር እሸቴ።

«እደርሳለሁ ጋሼ። ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም ለፈተናው እደርሳለሁ።»

«እንግዲያው የፈተና መግቢያ ካርድህ እዚህ ይቀመጣል። ተራህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

እኔ መቼም አፌ አያርፍ፤ «መንገድ ላይ ጅብ እንዳይበላህ ብቻ» አልኩት።

«ጅቡ ማትሪክ ከፈለገ ወዳንተ እልከዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተፈትነሃል፤ መንገዱን ታሳየዋለህ» አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን። ከጃርሶ ጋር የሳቅነው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ቅጽ መጣ። ትምህርት ያቋረጡ ተመዝጋቢዎች ካሉ ስማቸው ከነካርዳቸው እንዲመለስ የሚል ነው። የተመለሰው ከሰንጠረዡ ይወጣል፤ ዜሮ የለም ማለት ነው። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ይህን ቅጽ እንደ ልባቸው ነበር የሚጠቀሙበት። መምህር እሸቴ ግን በየዓመቱ «የለም» ብለው ባዶውን ነው የሚመልሱት። ያን ዓመት ለሁለት ወር ያልታዩ አምስት ልጆች ነበሩ። የአምስቱንም ስም በጥሩ ጽሕፈቴ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፤ ማትሪክ የወደቅኩት በጽሕፈት አይደለም። አምስተኛው ጃርሶ ነው። እሱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ «ሁለት ወር ሙሉ ኤላ ውስጥ የቆመ ልጅ መጥቶ ምን ሊጽፍ ነው?» አልኩና ጻፍኩት።

ቅጹን ከሌሎች ወረቀቶች መሀል ከትቼ ክፍል ድረስ ሄድኩ። ሲያስተምሩ ነው። በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ጣታቸው ሁሉ ጠመኔ ነው።

«ምንድን ነው?»

«የተለመደው ነው ጋሼ።»

ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንድ በአንድ ፈረሙ። አላነበቡም። እኔ ነኛ ያመጣሁት።

የፈተናው ቀን ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ፣ ዴስኮቹ ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎ፣ ፈተናውን የሚመሩት ሰው ከሌላ ከተማ መጥተው ኤንቨሎፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሳለ ጃርሶ ደረሰ። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዟል። እግሩ እስከ ጉልበቱ ቀይ አፈር ነው፤ ሸሚዙ ግን የታጠበ ነበር። ከከተማው ጥግ ደርሶ ነው የለበሰው። እርሳሱን በሁለቱም በኩል ቀርጾታል።

መምህር እሸቴ ሲያዩት ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በራ። «አልኳችሁም? መንገድ ላይ ነበረ» አሉ ለሁሉም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሸምሱ፣ ካርዱን አምጣለት» አሉኝ።

እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።

እንግዳው ኃላፊ ዝርዝሩን አገላበጡ። «ይህ ልጅ ተሰርዟል» አሉ።

«ማን ይሰርዘዋል? ስህተት ነው።»

ሰውየው ከፋይላቸው ቅጹን አውጥተው ዘረጉት። ከታች ፊርማው፣ ከጎኑ የአውራ ጣት የጠመኔ አሻራ። «ፊርማው የማን ነው?»

መምህር እሸቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊርማውን አይደለም ያዩት፤ ጽሕፈቱን ነው። ከዚያ ቀና ብለው አንዴ፣ አንዴ ብቻ አዩኝ። እንዲያ ያየኝ ሰው ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የለም።

«የእኔ ነው» አሉ።

ለመኑ። ያን ኩሩ ሰው ሲለምኑ አየሁ፤ ቁጥር የሌለው ዴስክ ላይ ይቀመጥ፣ ወረቀቱ ለብቻው ይታሸግ፣ ውሳኔው በኋላ ይሁን አሉ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ተጨንቀው ሰዓታቸውን እያዩ «አልችልም ጓድ፣ ወረቀቱም የመጣው በቁጥር ነው» አሉ። ኤንቨሎፑ ተከፈተ።

ጃርሶ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «ጋሼ፣ ተራዬን ለማን ሰጡት?» አለ። አልተቆጣም፤ መልሱን ለማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው።

«ለማንም አልሰጠሁትም። ጣልኩት» አሉት መምህር እሸቴ።

ልጁ ዞረ። እርሳሱን ሰልፉ መጨረሻ ላይ ለቆመ፣ እርሳስ ለሌለው ልጅ ሰጥቶ ሄደ። እኔ «ጋሼ አይደሉም፣ እኔ ነኝ» ለማለት አራት ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፍ አፍ ያን ጊዜ ደረቀ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ያጭበረበረ ሰው የት እንደሚገባ አውቅ ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሌሎቹ አራቱ ልጆች አልመጡም። ከአምስት አራት ትክክል ገምቻለሁ ማለት ነው፤ በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ውጤት እሱ ነው።

ክረምቱ መጨረሻ ላይ ሰንጠረዡ መጣ። ከጅራቱ ተነስተን መሀል ገብተናል። ዳይሬክተራችን ደስ ብሎት ከምስጋና ደብዳቤው ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። መምህር እሸቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ገብተው አዲሱን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስም ጠሩ። ዝርዝሩ ሲያልቅ፣ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ አንድ ስም ጨመሩ፤ «ጃርሶ።» አዲሶቹ ልጆች ተያዩ። መምህር እሸቴ በሩን አዩ። «መንገድ ላይ ነው» ግን አላሉም። ይህን የነገሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ጠሩኝና «ነገ ወደ ጃርሶ አገር እንሄዳለን» አሉኝ። አፈር ጫኝ መኪና ላይ ተሳፈርን። መንገዱ እኩሌታ ላይ አፌ ተፈታ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ጽሕፈትህን አላውቅም?»

«ለምን አልተናገሩም ታዲያ?»

«አንተን ቢያስሩህ ጃርሶ ይፈተን ነበር? ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።» ቀጠል አድርገው «ለምን እንዳደረግከውም አውቃለሁ። እሱ ነው የከበደኝ» አሉ። ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ኤላው ስንደርስ ጃርሶና ሰዎቹ ከብት ማጠጣት ላይ ነበሩ። መምህር እሸቴ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ ወርደው ከጃርሶ በታች ባለው እርከን ቆሙና ባልዲ ተቀበሉ። ከታች ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እሱ። ከብቱ ጠጥቶ እስኪያልቅ አልተነጋገሩም። እኔ ከላይ ኮት ይዤ ቆምኩ፤ አንዲት ላም ኪሱን ላሰችው፤ ከዚህ በቀር የሠራሁት ሥራ የለም። ሲወጡ ከአንገት በታች ጭቃ ነበሩ። ለአባትየው፣ ታመው ጥላ ስር ለተኙት፣ «ልጅህን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። በሚመጣው ዓመት ላስፈትነው ፍቀድልኝ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ኮታቸውን አራገፍኩ። ጃርሶ «እመጣለሁ» አለ።

መምህር እሸቴ የሚመጣውን ዓመት የምዝገባ ቅጹን ሞልተው፣ ፎቶግራፉን ለጥፈው፣ መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው አስቀመጡት። ጃርሶ ግን አልደረሰም። ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል ተወሰደ፤ ወደ ሰሜን ሄደ። ደብዳቤም አልመጣ፣ ሬሳም አልመጣ። ማትሪክ አለፈ እንዳይባል አልተፈተነ፤ ወደቀ እንዳይባል አልተፈተነ። ማለፉንማ ማን ያውቃል፤ መካከለኛ ልጅ ነበር።

መምህር እሸቴ ጡረታ እስኪወጡ በየበጋው ያን ቤተሰብ ሄደው ይጠይቁ ነበር። እኔ አንድም ቀን ዳግመኛ አልተከተልኳቸውም። ሁልጊዜ ሥራ ይበዛብኝ ነበር።

ከቦሬ ለቅሶ ስመለስ ወተት ተራ ሄድኩ። የጃርሶ እህት ቃባሌ እዚያ ወተት ትሸጣለች፤ ደንበኛዋ ከሆንኩ ዓመታት አልፈዋል። በዋጋ ስከራከራት፣ ወተትሽ ውስጥ ዓሣ አየሁ እያልኩ ስቀልድባት ነው የኖርኩት።

«መምህሩ አረፉ» አልኳት።

እጇን ከጣሳው አነሳች። «አባታችን ከመሞቱ በፊት ይቅር ብሎታል። እንትፍ እንትፍ ብሎ መርቆታል። አሁን በሰላም ይሄዳል» አለች።

«ቃባሌ፣ ወንድምሽን የሰረዙት እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ወተት ሊገዛ የመጣ ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። ስጨርስ «አባቴ ይቅር ያለው እሱን ነው። እሱ ሞተ፤ አባቴም ሞተ። አንተን ማን ይቅር ይበልህ?» አለችኝ። ለማንም የማላጣው ቀልድ ነበረኝ፤ ፈልጌ አጣሁት።

የጣሳውን ክዳን ገጠመች። «እናቴ አለች» አለች። «ጆሮዋ ግን ደክሟል። ጮኸህ ነው የምትነግራት። መንደሩ ሁሉ ይሰማሃል።»

ሐሙስ ሄድኩ። አሮጊቷ ቤቷ ደጃፍ ጥላ ስር ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተንበርክኬ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ጮህኩ። ጃርሶን ከፈተናው የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ መምህሩ ጥፋቴን ተሸክመውልኝ ነው የሞቱት አልኩ። ሴቶቹ ከየደጁ ወጡ፤ ከብት የሚነዱ ሰዎች ቆሙ። ቃባሌ ከኋላዬ ቆማ አንድም ቃል አላገዘችኝም።

አሮጊቷ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«አልሰማሁም። መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ንገረኝ» አለች።

ስሜን ጠርቼ እንደገና ጀመርኩ።